በ78 ዓመት ወጪውን የሚመልስ መስኮት

ባለፈው ሳምንት አንድ የአማርኛ ፕሮግራም መስኮት ሻጭ እንግዳ አድርጎ አቅርቦ ነበር። የሰውየውንም የድርጅቱንም ስም አልጠራም፤ በነጻ ማስታወቂያ አልሠራለትም። እሱ 40 ደቂቃ አወራ። አቅራቢው 40 ደቂቃ ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ ሁሉ ወሬ ሁለት ነገር ብቻ ጆሮዬ ላይ ቀረ። አንዱ «መንግሥት መስኮት ለሚቀይር ሰው ይሰጥ የነበረውን የታክስ ክሬዲት ስላነሳው፣ ዋጋ ሳይጨምር ፍጠኑ» የሚለው ነው። ሌላው «አዲስ መስኮት በ5 ዓመት ወጪውን ይመልሳል» የሚለው ነው።

አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ውስጥ ሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖር ጓደኛዬ ይህን ሰማና ደወለ። ቅዳሜ አመሻሽ ላይ ሻጩ ከነናሙና መስታወቱ ከች አለ። ሦስት ሰዓት ተቀመጠ። ቡና ተፈላለት። ለ14 መስኮት ዋጋው ከ32,000 ዶላር ጀመረ። «ማናጀሬን ላናግር» ብሎ ወደ መኪናው ወጣ። ሲመለስ 26,000 ሆነ። እንደገና ወጣ፣ እንደገና ገባ። 21,000፣ ግን ዛሬ ማታ ከተፈረመ ብቻ! መርካቶ ላይ 50 ብር ለማስቀነስ ሦስት ጊዜ ሄዶ የሚመለስ ሰው፣ እዚህ 11,000 ዶላር ተቀነሰልኝ ብሎ ደስ ብሎት ፈረመ።

«በአንድ ምሽት 11,000 ዶላር የሚወርድ ዕቃ መጀመሪያውኑ 32,000 አያወጣም» አልኩት። ዝም አለኝ።

እስቲ ከክሬዲቱ እንጀምር። ዜና የሚከታተል ሰው ነገሩን ያውቀዋል። ጁላይ 4 ቀን 2025 የተፈረመው ትልቁ የታክስ ሕግ፣ ክሬዲቱ ዲሴምበር 31 ቀን 2025 እንዲያበቃ አደረገ። ለመስኮት ይሰጥ የነበረው የወጪው 30 በመቶ ነው፤ ግን በዓመት ከ600 ዶላር አያልፍም። እሱም ቢሆን ከሚከፈል ታክስ ላይ የሚቀነስ እንጂ በእጅ የሚቆጠር ገንዘብ አልነበረም። እሺ፣ ክሬዲቱ ቀረ። ክሬዲት ሲቀር ገዢ ይቀንሳል። ገዢ ሲቀንስ ዋጋ የሚጨምረው በየትኛው ገበያ ነው? ታሪፍ አለ ትሉኝ ይሆናል። አሉሚኒየም ላይ አዎ፣ አለ። ጓደኛዬ የገዛው ግን ቪኒል ነው። ፕላስቲክ! «ፍጠኑ» የሚለው ቃል የመጣው ከገበያ ጥናት ሳይሆን ከሻጮች ሥልጠና ነው።

አምስት ዓመቱ ደግሞ ይብሳል። እሑድ ከጓደኛዬ ጋር የዓመቱን የጋዝና የመብራት ቢል ይዘን ቁጭ አልን። ለማሞቂያና ለማቀዝቀዣ የሚሄደው ወደ 1,800 ዶላር ነው። የአሜሪካ የኢነርጂ መሥሪያ ቤት እንደሚለው፣ በመኖሪያ ቤቶች ለማሞቅና ለማቀዝቀዝ ከሚውለው ኃይል ከ25 እስከ 30 በመቶው በመስኮት በኩል በሚገባና በሚወጣ ሙቀት ምክንያት የሚወጣ ነው። ለሻጩ እናድላለትና ትልቁን እንውሰድ። 540 ዶላር። የጓደኛዬ የድሮ መስኮት ድርብ መስታወት ነው። አዲሱ ብክነቱን በግማሽ ይቀንሰዋል እንበል፤ አሁንም አድልተንለት ነው። በዓመት 270 ዶላር። 21,000ን ለ270 አካፍሉት። 78 ዓመት ገደማ! የብድሩን ወለድ አልጨመርኩም። የመስታወቱ ዋስትና 20 ዓመት ነው። ጓደኛዬ 52 ዓመቱ ነው፤ ወጪው ሲመለስለት 130 ይሞላዋል። የማቱሳላን ዕድሜ ይስጠው።

ይህ የእኔ ጥርጣሬ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ሸማቾችን ከማታለል የሚከላከለው የአሜሪካ መሥሪያ ቤት፣ ፌዴራል ትሬድ ኮሚሽን፣ በ2012 አምስት የመስኮት ኩባንያዎችን የተጋነነና ማስረጃ የሌለው የቁጠባ ቃል ሰጥታችኋል ብሎ ከሶ፣ ጉዳዩ በስምምነት ተዘግቷል። ወሬው ግን አልተዘጋም። ቋንቋ ቀይሮ እኛ ጋ መጣ።

ሰው ለምን ቶሎ እንደሚያምን ይገባኛል። ቢል አናት ላይ ወጥቷል። የእኛን አካባቢ ጨምሮ 13 ስቴቶችንና ዲሲን የሚያገናኘው ፒጄኤም የተባለው የመብራት መረብ አለ። ለመጠባበቂያ አቅም የሚከፍለው ዋጋ በአንድ ጨረታ ለአንድ ሜጋዋት በቀን ከ28.92 ዶላር ወደ 269.92 ዘለለ። ሰሜን ቨርጂኒያ ላይ የተደረደሩት፣ በኮምፒውተር ሰርቨር የተሞሉት ዳታ ሴንተሮች በዚህ ውስጥ ድርሻ አላቸው። እዚያው ሰሜን ቨርጂኒያ ላለው የላውደን ካውንቲ ሰርቨር እኛ በቢላችን እናዋጣለን፤ ሻጩ ደግሞ በዚሁ ድንጋጤያችን ላይ ዋጋ ይጨምራል።

አሁን ወደ ሆዴ ጉዳይ ልግባ። ሰውየው 40 ደቂቃ ሲያወራ አንድ ጊዜ እንኳ «ንፋስ» አላለም። መስታወት፣ መስታወት፣ መስታወት። ይህን የሚለው ደግሞ ለሐበሻ ነው! በጠራራ ፀሐይ፣ ታክሲ ውስጥ በላብ ተጠምቀን «መስኮቱን ዝጉልን፣ ንፋስ ይመታናል» የምንል ሕዝብ ነን። በስንጥቅ የሚገባ ንፋስ ሜዳ ላይ ካለው ይብሳል ብላ ያላስጠነቀቀች እናት የለችም። እናቶቻችን በሕክምናው ተሳስተው ይሆናል። በፊዚክሱ ግን ሻጩን ያስከነዱታል።

የራሴን ልንገራችሁ። ቤቴ በ1974 የተሠራ ታውንሃውስ ነው። የዛሬ ሦስት ዓመት የሳሎኑን ሁለት መስኮቶች አስቀየርኩ። ኮንትራክተሩ ግማሽ ቀን አልፈጀበትም። የድሮውን ፍሬም ሳይነቅል አዲሱን መስኮት ውስጡ ሰካው። ኢንሰርት ይሉታል። ዙሪያውን በነጭ ሲሊኮን አሳመረና ቼኩን ተቀብሎ ሄደ። ብርዱ መጣ። ሶፋው ላይ ስቀመጥ ማጅራቴን የሚመታኝ ነገር እንዳለ ነው። 3,000 ዶላር ከፍዬ ያው ንፋስ፣ ያው ጋቢ።

አንድ እሑድ ባለቤቴ ረከቦቱን መስኮቱ ሥር ዘረጋች። ቡናው ተቆላ፣ ዕጣኑ ተጨመረ። ውጭ ኃይለኛ ንፋስ ነበር። ጭሱ ቀጥ ብሎ ይወጣል ስል ተጠማዞ ወደ ሳሎኑ መሀል ሸሸ። ማጨሻውን አንስቼ ወደ መስታወቱ አስጠጋሁት። ጭሱ ቀጥ እንዳለ ነው። ወደ አዲሱ ፍሬም አስጠጋሁት፤ እዚያም ያው። መስኮቱን ዙሪያውን የከበበው እንጨት ከግድግዳው ጋር የሚገናኝበት ቦታ ስደርስ ግን ጭሱ ብትንትን አለ። እንጨቱን ፈለቀቅኩት። ከጀርባው ጣት የሚያስገባ ክፍተት አለ። ክፍተቱ ውስጥ የተጠቀጠቀው ቢጫ ፋይበርግላስ ከሰል መስሏል። ለካ ለ50 ዓመት የመንገዱን አየር ሲያጣራልን ኖሯል። ያ ሁሉ ሲሆን አዲሱ መስኮት መሀል ላይ ኮፈስ ብሎ ተቀምጧል።

በማግስቱ ለመስኮት ተብሎ የሚሸጠውን ክፍተት መሙያ ፎም ገዛሁ። ሌላው ዓይነት ሲነፋ ፍሬሙን ያጣምማልና አትሳሳቱ። ለሁለቱ መስኮቶች ከ30 ዶላር በታች ወጣ፤ ከሰዓት በኋላዬንም ፈጀብኝ። ጋቢውን አጠፍኩት።

ከዚያ ሱስ ሆነብኝ። ማጨሻዬን ይዤ ቤቱን ዞርኩት። ልጆቼ «አባዬ ቄስ ሆነ» ብለው ሳቁብኝ። ላይኛው ፎቅ ላይ፣ ወደ አቲክ፣ ማለትም ጣሪያው ሥር ወዳለው ባዶ ቦታ፣ የሚያስወጣው ክዳን ሥር ስደርስ፣ ጭሱ እንደ ክር ወደ ላይ ተመጠጠ። ሙቅ አየር ሽቅብ ይሄዳል። ከላይ ቀዳዳ ካገኘ ይወጣል። የወጣውን ለመተካት ቀዝቃዛው ከታች በየስንጥቁ ይገባል። ሳሎን ውስጥ መስኮቱ ሥር ለሚሰማችሁ ንፋስ ጥፋተኛው ሁለት ፎቅ ከራሳችሁ በላይ ሊሆን ይችላል። 21,000 ዶላር ከፍላችሁ መስታወት ብታስቀይሩ የአቲኩ ክዳን አይዘጋም። ጓደኛዬን «አቲክህ ውስጥ ገብቶ አየ ወይ?» አልኩት። መሰላል እንኳ አልጠየቀም አለኝ። ሦስት ሰዓት ሙሉ!

ሻጩ መልስ አለው። «የእኛ መስኮት ንፋስ እንደማያስገባ ተለክቷል» ይላል። እውነት ነው። አዲስ መስኮት ላይ የሚለጠፍ፣ የመስኮቱን ልኬቶች የሚያሳይ ኤንኤፍአርሲ የሚባል ወረቀት አለ፤ የንፋስ ቁጥሩ 0.3 ወይም ከዚያ በታች ከሆነ ደህና ነው። ግን የተለካው ላብራቶሪ ውስጥ፣ መስኮቱ ብቻውን ነው። ግድግዳችሁ ላብራቶሪ አልሄደም።

«ባለ ሦስት መስታወት ከሁሉም ይበልጣል» የሚለውም ከዚያው ከረጢት የወጣ ነው። መስታወት አትቁጠሩ፣ ወረቀቱን አንብቡ። ዩ ፋክተር የሚለው ሙቀት ምን ያህል በቀላሉ እንደሚያልፍ ነው፤ ቁጥሩ ሲያንስ ይሻላል። ኢነርጂ ስታር የሚባለው የመንግሥት የኃይል ቁጠባ ምልክት ለእኛ አካባቢ የሚጠይቀው 0.25 ወይም ከዚያ በታች ነው። ሎው ኢ የሚባለው ስስ የብር ሽፋንና በመሀሉ አርገን ጋዝ ያለው ጥሩ ድርብ መስታወት እዚያ መድረስ ይችላል።

ወረቀቱ ላይ ያለችውን ሌላ ቁጥር ደግሞ ማንም አያያትም። የፀሐይ ሙቀት ምን ያህል እንደሚያልፍ የምትናገር ናት። ወደ ደቡብ የሚያይ መስኮት በጃንዋሪ ነጻ ማሞቂያ ነው። ወደ ምዕራብ የሚያየው በጁላይ ምድጃ ይሆናል። ስለዚህ ለሁለቱ የሚመረጠው መስታወት አንድ አይደለም። ጓደኛዬ ግን ለ14ቱም አንድ ዓይነት ነው የተሸጠለት። ቤቱ ወዴት እንደሚያይ እንኳ የጠየቀው የለም። አዲስ አበባ ውስጥ ያደግኩበት ቤት መስኮት ከውጭ የእንጨት መዝጊያ ነበረው። እናቴ ፀሐዩ ሲዞር መዝጊያውን ገርበብ ታደርግና ቤቱ ይቀዘቅዝ ነበር። ፀሐይን መስታወቱን ሳታልፍ ማስቆም ከሁሉም ይሻላል። ይህን ለማወቅ ናሙና የተሞላ ሻንጣ አላስፈለጋትም።

መስኮት በጭራሽ አትቀይሩ አላልኩም። ፍሬሙ ከበሰበሰ ይቀየር። ያኔም ከነድሮው ፍሬሙ ተነቅሎ፣ ክፍተቱ ተዘግቶ እንጂ እንደ እኔ ተሰክቶ አይሁን። ነጠላ መስታወት ላላችሁ ከውጭ የሚደረብ ሎው ኢ ሽፋን ያለው ስቶርም ዊንዶው አለ፤ ከሙሉ ቅያሪ በእጅጉ ይረክሳል። በሁለቱ መስታወቶች መሀል ጉም ከገባ ፍሬሙን ትቶ መስታወቱን ብቻ ማስቀየር ይቻላል። ከ1978 በፊት በተሠራ ቤት ደግሞ ቀለሙ ሊድ የሚባል መርዛማ ብረት ሊኖረው ስለሚችል የኢፒኤ (የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤቱን) ሰርተፊኬት የሌለውን ኮንትራክተር አታስገቡ። አዲስ መስኮት ያምራል፣ የመንገድ ጫጫታም ይቀንሳል። ሻጩ ይህን ብሎ ቢሸጥ ምንም አልልም። ሶፋ ስንገዛ እኮ ወጪውን ይመልሳል ብለን አይደለም።

ኮንግረሱም ቢሆን አላስደሰተኝም። ሁሉም ለ600ው ዶላር አለቀሰ። እኔን ያንገበገበኝ 150ው ነው። ያው ሕግ ለቤት ፍተሻ ይሰጥ የነበረውን እስከ 150 ዶላር የሚደርስ ክሬዲት አብሮ ቀበረው። ለኢንሱሌሽን፣ ማለትም ሙቀት እንዳያመልጥ ለሚደረገው ልባስ፣ እና ለንፋስ መዝጊያ ቁሳቁስ የነበረውም ሄደ። ፍተሻ ማለት በር ላይ ትልቅ ማራገቢያ ተክሎ፣ የቤቱን አየር ወደ ውጭ እየሳቡ ስንጥቁን ማደን ነው። ዕጣን በማሽን በሉት። አገር የሚያስተዳድር ሰው አንዱን መርጦ ያድን ቢባል ማዳን የነበረበት ይህንን ነበር። ሜሪላንድ ያላችሁ፣ የመብራት ኩባንያዎቹ ኢምፓወር ሜሪላንድ በሚባለው የስቴቱ የኃይል ቁጠባ ፕሮግራም በኩል የሚያቀርቡትን ፍተሻ ጠይቁ። ገንዘቡ ከቢላችሁ ላይ ነው የሚቆረጠው፤ የከፈላችሁበት ነው።

ወደ ጓደኛዬ ልመለስ። በፌዴራል ደንብ መሠረት ቤት ድረስ መጥቶ የሸጠ ሰው ውል እስከ ሦስተኛው የሥራ ቀን እኩለ ሌሊት ድረስ ሊሰረዝ ይችላል። ሻጩም የስረዛውን ቅጽ በሁለት ቅጂ የመስጠት ግዴታ አለበት። ቅጹን ከቀለም ናሙናዎቹ ሥር አገኘነው። በዚህ ደንብ ቅዳሜ የሥራ ቀን ነው፣ እሑድ አይደለም። ቅዳሜ ለፈረመ ሰው ሰኞ አንድ፣ ማክሰኞ ሁለት፣ ረቡዕ ሦስት።

ይህን የምጽፈው ማክሰኞ ጠዋት ነው። ቅጹ ተሞልቶ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል። የቀረው ፊርማ ብቻ ነው። ጓደኛዬ «ሰውየው ይቀየመኛል እኮ፣ ቡናዬን ጠጥቶ ነው የሄደው» እያለ እስክሪብቶውን ያሽከረክራል።