ድንኳኑ ከተነቀለ በኋላ

እናቴ ያረፈች ጊዜ ሦስት ቀን ሙሉ ብቻዬን አልሆንኩም። ገና ሳይነጋ ጥሩንባ ተነፋ። የእድሩ ልጆች ድንኳን ጣሉ፣ ወንበር ደረደሩ፤ ሴቶቹ ንፍሮ ቀቀሉ። የማላውቀው ሰው ሁሉ አጠገቤ ተቀምጦ አለቀሰልኝ። ሠልስቱ አለፈና ልጆቹ ድንኳኑን ነቀሉ፣ ወንበሩን ቆጥረው በጋሪ ጫኑ። ግቢው ውስጥ የቀረው የካስማው ጉድጓድና የተረጋገጠ ሣር ነበር።

እኔ መታመም የጀመርኩት ያን ጊዜ ነው።

እንቅልፍ ጠፋ። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ብንን እልና ጣራ ጣራ ሳይ ይነጋል። ምግብ አፌ ውስጥ ይንከባለላል። መሥሪያ ቤት አንድ ደብዳቤ አራቴ አንብቤ ምን እንደሚል አላውቅም። ያገኘኝ ሁሉ «በርታ እንጂ፣ አንተ እኮ ወንድ ነህ» ይለኛል። በክፋት አይደለም። ግን እንዲህ ከተባሉ በኋላ «አልቻልኩም» ማለት ይከብዳል።

እድርን የምነቅፍ አይደለሁም። እድር ባይኖር እነዚያን ሦስት ቀናት እንዴት እንደማልፋቸው አላውቅም። የምለው አንድ ነገር ነው፤ ቶሎ እንበተናለን። በመጀመሪያው ሰሞን ሰው ገና ደንዝዟል። ሐዘኑ የሚገባው ቤቱ ጭር ሲል ነው። ለአርባው ተመልሰን እንመጣለን፣ እውነት ነው። በመካከል ያሉት ሌሊቶችስ?

ደግሞ ድንኳን የማይጣልለት መከራ አለ። ትዳሯ የፈረሰ ሴት። ከሥራ የተባረረ አባወራ። ከዓረብ አገር ባዶ እጇን የተመለሰች ልጅ። ለእነሱ ጥሩንባ የሚነፋ የለም። ሐሜቱ ግን ይደርሳቸዋል።

እኔን ያተረፉኝ አንዲት ጎረቤታችን ናቸው፤ ትልቅ ሴት ናቸው። ሐሙስ ሐሙስ ከሰዓት ጀበናቸውን ይዘው ይመጣሉ። ምክር የላቸውም። «በላህ ልጄ?» ይላሉ፣ በቃ። ቡናው እስኪፈላ ስለ እናቴ ይጠይቁኛል። ሌላው ሰው እንዳያስከፋኝ ብሎ ስሟን እንኳ አያነሳም ነበር። በሦስተኛው ሐሙስ ይመስለኛል፣ ቶናው ላይ ስቅስቅ ብዬ አለቀስኩ። ስኒውን ከእጄ ተቀበሉኝና ዝም ብለው አጠገቤ ተቀመጡ። ያን ሌሊት ተኛሁ።

ይህ የደግነት ነገር ብቻ አይደለም፤ ይሠራል። ዚምባብዌ ውስጥ ዲክሰን ቺባንዳ የሚባሉ የአእምሮ ሐኪም እንደ ፈረንጆቹ በ2006 14 አያቶችን አሠልጥነው አግዳሚ ወንበር ላይ አስቀመጧቸው። የአእምሮ ሐኪም እዚያም ጥቂት ነው፤ አያት ግን በየሰፈሩ አለች። ሐሳብ ያደከመው ሰው መጥቶ ቁጭ ይላል፣ ያወራል። እነሱ ያዳምጡታል፤ ከችግሮቹ አንዱን መርጦ መላ እንዲፈልግለት ያግዙታል። ነገሩ በሐራሬ 24 ጤና ጣቢያዎች በ573 ሰዎች ላይ ተጠንቶ በፈረንጆቹ 2016 ታተመ። አግዳሚው ላይ የተቀመጡት ሰዎች ድብርትና ጭንቀት ከሌሎቹ ይልቅ ቀንሶ ተገኘ።

ቡናና ወሬ የማይበቃበት ጊዜም አለ። ወራት አልፎ ሰውየው ከአልጋ መነሳት ካቃተው፣ መጠጥ ካበዛ፣ ሐኪም ዘንድ ይዞ መሄድ ነው። «ሞቴን ባደረገው» ማለት ከጀመረ ደግሞ አንድ ቀንም አይጠበቅም፤ ብቻውንም አይተውም። ጸበሉን የሚጠመቅ ይጠመቅ፣ መድኃኒቱንም ይዋጥ። «አማኑኤል ገባ ይሉኛል» የሚለው ፍርሃት ስንቱን ሰው በገዛ ቤቱ ቆልፎበታል!

አያት እኛም አለን። እድርም አለን፤ ደንብ አለው፣ መዋጮ አለው፣ ቀብር የቀረውን ይቀጣል። እንግዲያው ሁለት ሰው መድቦ እስከ አርባው ድረስ በየሳምንቱ ሐዘንተኛው ቤት ብቅ እንዲሉ ማድረግ ምን ይከብደዋል? ትዳሯ ለፈረሰባትም፣ ሥራ ለጠፋበትም እንዲሁ። የእድራችን ጉባኤ ሲጠራ ይህን አነሳለሁ። ከሁለቱ ተመዳቢዎች አንዱ እኔ ልሁን። ሐሙስ ይመቸኛል።