እጃችሁን ከዚያች በተን ላይ አንሱልኝ!

ትናንት ማታ አንድ የሩቅ ወዳጄ ደወለ። ሰላምታው ሲረዝምብኝ ብር ሊበደረኝ መስሎኝ ነበር። ለካስ የዘመዱ ሠርግ ደርሶ መኪናዬን ለሙሽሮቹ ፈልጓት ነው። እውነቱን ለመናገር ደስ አለኝ። ቀይ ናት፣ ሁለት በር ናት፣ አበባ ሲደረግባት ታምራለች። "ችግር የለም" ልል አፌን ስከፍት፣ "ትራክሽኑ ይጠፋል አይደል? ካሜራ ማኑ ፓርኪንጉ ውስጥ ጎማዋ እየጨሰ ስትሽከረከር ሊቀርጻት ፈልጎ ነው" አለኝ።

በቃ፣ ዛሬ ይውጣልኝ።

እዚህ ቨርጂኒያና ሜሪላንድ ባለነው ሐበሾች ዘንድ ስፖርት መኪና የያዘ ሰው መካሪው ብዙ ነው። ከጎኔ የተቀመጠ ሁሉ ቀበቶውን ሳያስር እጁን ወደ ክሩስኮቱ ይሰዳል። እዚያ አንዲት ትንሽ በተን አለች፤ ከኋላዋ የተጠማዘዘ መስመር ያላት መኪና የተሳለችባት። ሰው በደፈናው ትራክሽን የሚለውን፣ መኪናዋ እንዳትንሸራተት የሚጠብቀውን ኮምፒውተር የምታጠፋው እሷ ናት። "ይቺን አጥፋት እንጂ! መኪናዋ እኮ ታስራለች" ይላል። ታስራለች! በግ ናት እንዴ?

አጎቴ ደግሞ አሉ። አዲስ አበባ ላዳ ታክሲ ነድተዋል፣ እዚህም መጥተው ታክሲ ነድተዋል፣ አሁን ጡረታ ላይ ናቸው። ስለ መንዳት እሳቸው ፊት አፍ መክፈት ድፍረት ነው። "አንተ ልጅ፣ እኛ በሐምሌ ዝናብ በላዳ እንጦጦን ስንወጣ ስንወርድ ኮምፒውተር ነበር ፍሬን የሚይዝልን?" ይሉኛል። ጋሼ፣ ልክ ነዎት። ላዳም እንደ እኔዋ በኋላ ጎማ ነው የምትነዳው። ግን ላዳ እኮ ሰማንያ ፈረስ ጉልበት እንኳን አይሞላትም! እንጦጦን ስትወጣ ጎማዋ ሊንሸራተት ቀርቶ ሞተሯም ተለምኖ ነው። የኔዋ ከሦስት መቶ በላይ ነው። መታጠፊያ መሃል ላይ ነዳጁን ትንሽ ካበዛሁባት ኋላዋ ፊቷን ልቅደም ይላል።

እሳቸውስ ቢያንስ ያልኖሩበትን አያወሩም። የሚያቃጥለኝ የአክስቴ ልጅ ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ "እኔ አጥፍቼ ነው የምነዳው፣ ወንድ ልጅ በእጁ ነው የሚነዳ" ሲለን ኖረ። አንድ ቀን አብሬው ስሄድ በተኗን ነካ አድርጎ ወዲያው ለቀቃት። ቢጫ መብራት በራች። በኩራት ዞሮ አየኝ። "ማንዋልህን አውጣ" አልኩት። አውጥተን አነበብን። አንዴ ነካ ሲያደርጋት የሚጠፋው ትራክሽኑ ብቻ ነው፤ ማለትም ነዳጅ ሲሰጥ ጎማው ባለበት እንዳይሽከረከር የሚያደርገው። መኪናዋ መታጠፊያ ላይ እንዳትዞርበት የሚጠብቀው ዋናው ነገር፣ ኢኤስሲ የሚባለው፣ እንዲጠፋ በተኗን ለተወሰኑ ሰከንዶች ጫን ብሎ መያዝ ነበረበት። ሁለት ዓመት ሙሉ ሲያንቋሽሸው የነበረው ነገር እየጠበቀው ነው የነዳው! ፊቱን ብታዩት። ለአንድ ሳምንት አልደወለልኝም።

እስቲ ይሄ የተጠላ ዕቃ ምን እንደሚሠራ ልንገራችሁ። መሪውን ምን ያህል እንዳዞርክ የሚለካ ሴንሰር አለ። መኪናዋ ራሷ ምን ያህል እየዞረች እንደሆነ የሚለካ ሌላ አለ። በየጎማው ደግሞ የፍጥነት መለኪያ አለ። ኮምፒውተሩ በአንድ ሰከንድ ውስጥ ደጋግሞ "ሹፌሩ ወዴት ፈለገ? መኪናዋስ ወዴት እየሄደች ነው?" እያለ ያስተያያል። ሁለቱ ካልተስማሙ አንድ ጎማ ለይቶ ፍሬን ይይዛል። ኋላዋ ካመለጠ በውጭ በኩል ያለውን የፊት ጎማ፣ ፊቷ አልታጠፍ ካለ በውስጥ በኩል ያለውን የኋላ ጎማ። የሞተሩንም ጉልበት ቀነስ ያደርገዋል። አሁን "በእጄ ነው የምነዳ" ባይ ሁሉ ይመልስልኝ፦ አንዱን ጎማ ብቻ ለይተህ ፍሬን የምትይዝበት ፔዳል የት አለህ? አራት ጎማ፣ አንድ ፍሬን። ሹማከርም ብትሆን ያው ነው።

"ፎርሙላ ዋን ላይ ግን የለም" ያለኝም አለ። አዎ የለም፤ ከልክለውት ነዋ! የከለከሉትም ስለሚጠቅም ነው። የማክላረን ቡድን በፈረንጆች 1997 ሹፌሩ አንዱን የኋላ ጎማ ብቻ ፍሬን የሚይዝበት ተጨማሪ ፔዳል በስውር ገጥሞ ነበር። ፎቶ አንሺ ደረሰበት፣ በ1998 ታገደ። የዓለም ምርጥ ሹፌሮች ተደብቀው የሚፈልጉትን ነገር የእኛ ሰው ካፌ በር ላይ ያጠፋዋል።

እኔስ ሊቅ ሆኜ ነው? አይደለም። የተማርኩት በኪሴ ነው። መኪናዋን በገዛሁ በሁለተኛው ወር፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ቡና ጠጥተን ስንመለስ፣ ከጎኔ የነበረው ሰው (ስሙን አልጠራም፣ ሲያነበው ራሱን ያውቃል) "እስቲ ዛሬ እንኳን የእውነት መኪና ስትሆን እንያት" አለ። ያኔ እኔም ጀግና ነበርኩ። በተኗን ጫን ብዬ ያዝኩ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት... ሁለት ቢጫ መብራት በራ። ለሳምንታት ዝናብ አልጣለም ነበር፤ ያን ማታ ጀመረ። ካፊያ ነው። ካፊያ ደግሞ ከዶፍ ይብሳል፤ አስፋልቱ ላይ የከረመው ዘይትና አቧራ ሳይታጠብ ረጥቦ ሳሙና ይሆናል። በዚያ ላይ የጥቅምት ቅጠል ወድቆበታል። ወደ ቤልትዌይ፣ ዋሽንግተንን ወደሚዞረው አውራ ጎዳና፣ የሚያስገባው ክብ መታጠፊያ ላይ፣ በሁለተኛ ማርሽ፣ ነዳጅ ጨመር አደረግኩ። ጨመር ነው ያልኩት፣ አልረገጥኩም።

ኋላዋ ጥሎኝ ሄደ። መሪውን መለስኩ፣ ዘገየሁ። ደንግጬ ነዳጁን ድንገት ለቀቅኩ፣ እሱ ደግሞ አባሰው። መጀመሪያ የብረት አጥሩን አየሁት። ከዚያ የመጣንበትን መንገድ አየሁ። ከዚያ አጥሩን እንደገና፣ አሁን በጣም ከቅርብ። ስንቆም ከኋላችን የነበረው ሚኒቫን ጥቂት ሜትር ሲቀረው ቆሟል። ሴትዮዋ ክላክስ እንኳን አልነፋችም፤ እጇን አፏ ላይ ጭና ታየናለች። የኋላ ፓራፋንጎና አንድ ቸርኬ ሄደ። ኢንሹራንሱ መክፈል ሳይጀምር ከኔ ኪስ 1000 ዶላር ወጣ፤ በየወሩ የጨመሩብኝ ለብቻው ነው። ያ ጓደኛዬ ያዋጣው ነገር ቢኖር "ጎማህም እኮ አርጅቷል" የምትል አስተያየት ናት።

በዓመቱ፣ ያው መታጠፊያ፣ ያው ካፊያ። በተኗ አልተነካችም። ኋላዋ ሸርተት ሊል ሲጀምር ክሩስኮቱ ላይ ያቺ ቢጫ መብራት ሦስት አራት ጊዜ ብልጭ ብልጭ አለች፣ ከወለሉ ሥር ትርርር የሚል ድምፅ መጣ፣ አለቀ። አጠገቤ የነበረችው ባለቤቴ ከስልኳ ቀና እንኳን አላለች።

"እሱ እኮ ለቤተሰብ መኪና ነው፣ ለስፖርት መኪና ነውር ነው" የሚሉኝም አሉ። ነገሩ እኮ የተገላቢጦሽ ነው! በ1990ዎቹ መጨረሻ የወጣችው የመጀመሪያዋ አውዲ ቲቲ ያለ ኢኤስሲ ነበር የተሸጠችው። ጀርመን አውቶባን ላይ በከፍተኛ ፍጥነት እየተሽከረከረች ሰው ሞተባት። ኩባንያው መኪኖቹን መልሶ ጠርቶ ኋላቸው ላይ ክንፍ ጨመረ፣ ከወለላቸው ሥር ያለውን ክፍል አስተካከለ፣ ይሄንኑ ዕቃ ገጠመ። ፖርሽ ካሬራ ጂቲን ደግሞ ሁላችሁም ታውቋታላችሁ። ከ600 በላይ ፈረስ ጉልበት አላት፣ ትራክሽን አላት፣ ኢኤስሲ ግን የላትም። የፊልም ተዋናዩ ፖል ዎከር በኖቬምበር 2013 ሳንታ ክላሪታ፣ ካሊፎርኒያ ውስጥ ተሳፋሪ ሆኖ የሞተው እሷ ውስጥ ነው። መርማሪዎች ፍጥነትና ያረጀ ጎማ ነው ብለዋል፤ 45 ማይል በሚፈቅድ መንገድ ላይ ከ80 በላይ ነበር የሚሄዱት። ኢኤስሲ ቢኖር ይተርፉ ነበር አልልም። ጎማው አስፋልቱን ካልያዘ ኮምፒውተሩ ከየት ያመጣል?

ዶጅ ቫይፐርም ያ ሁሉ ጉልበት እያላት ለዓመታት ያለሱ ኖራለች። በ2013 ሞዴል ስትመለስ ተገጥሞላት መጣች፤ ከ2012 ሞዴል ጀምሮ አሜሪካ ውስጥ ለማንኛውም አዲስ የቤት መኪና ግዴታ ስለሆነ። መንግሥት ሕጉን ሲያወጣ፣ መኪና ከማንም ሳትጋጭ ብቻዋን የምታደርሰውን አደጋ በ34 በመቶ ይቀንሳል ብሎ ገምቶ ነበር፤ ለኤስዩቪ 59። ስፖርት መኪናስ ከሌላው ይልቅ ብቻዋን አጥር የምትፈልግ ፍጥረት አይደለችም?

ደግሞ ጭራሽ አይጥፋ የምል አክራሪ አይደለሁም። በረዶ ውስጥ ተቀርቅረህ ጎማው እየተሽከረከረ መውጣት ካለበት ትራክሽኑን አጥፋው። የድሮዎቹ ደግሞ እውነትም ያናድዳሉ፤ ትንሽ ሸርተት ስትል ሞተሩን አንቀው ይይዙታል። የውድድር ሜዳ ላይም ሌላ ነገር ነው። ዌስት ቨርጂኒያ፣ ሰሚት ፖይንት ሄጄ ቀኑን ሙሉ ነድቻለሁ። ሄልሜት አለ፣ ከጎንህ አስተማሪ አለ፣ ከመንገዱ ብትወጣ የሚቀበልህ ሣር ነው። የእኔው አስተማሪ ግን ምን እንዳለኝ ታውቃላችሁ? "አታጥፋው። መብራቷ ብልጭ ባለች ቁጥር አንተ ስህተት ሠርተሃል ማለት ነው፣ ቁጠር።" ጠዋት ቆጠራው ጠፋኝ። ማታ ላይ አራት ደረሰ። ከዚያ ወዲህ ካፌ በር ላይ ምክር የሚሰጠኝን ሁሉ "ስንት ቆጠርክ?" እለዋለሁ። የመለሰልኝ የለም።

ይሄም ይቆጨኛል፦ ማርሚታ ለማስቀየር 1500 ዶላር የሚያወጣው ሰው ጎማው ራሰ በራ ነው። ድምፁ ሰፈር ይቀሰቅሳል፣ ዝናብ ሲመጣ ግን ከባለ ሚኒቫኗ ሴትዮ ኋላ ነው የሚሄደው። ጎማ እኮ ካሜራ ላይ አይታይም፣ ምን ያድርግ።

ወደ ሠርጉ ልመለስ። ዛሬ ጠዋት መልሼ ደወልኩለት። መኪናዋ ትመጣለች፣ የምነዳው ግን እኔ ነኝ አልኩት። የኋላ ወንበሯ ለይስሙላ ስለሆነ ሙሽሪት ከነቬሎዋ ከፊት፣ ሙሽራው ጉልበቱን አቅፎ ከኋላ። ካሜራ ማኑ ጭስ ከፈለገ ዕጣን ያጭስ። በተኗ ላይ ፕላስተር ለጥፌባታለሁ፤ ያንን ፕላስተር የነካ ሚዜ ካየሁ ከነሱፉ ቤልትዌይ ዳር ነው የማወርደው።