«ይላመዳሉ» ያለኝን ሰውዬ ፈልጉልኝ

ዛሬ ይህን ሳልተነፍስ ከዋልኩ እፈነዳለሁ። ቤቴ ስላሉት ሦስት ዓሦች፣ ስለ ሻለቃ፣ ዴምፕሲና ዳቦ ነው። አትሳቁ።

አንድ ቀን ሌሊት አሥራ አንድ ሰዓት ለሥራ ተነሳሁ። ሳሎን ስገባ ጠቅ፣ ጠቅ ይላል። ጠጠር ነው። ሻለቃ የገንዳውን ወለል እየቆፈረ ጠጠሩን በአፉ እያፈሰ መስታወቱ ላይ ይተፋል። መብራት አበራሁ። ዴምፕሲ ላይኛው ጥግ፣ ከማሞቂያው ቱቦ ጀርባ ተወሽቋል። ጥቁርና ሰማያዊ መሆን የነበረበት ዓሣ አመድ መስሏል። ጅራቱ እንዳለቀ መጥረጊያ ተበጣጥሷል። ዳቦ ደግሞ ወለሉ ላይ በጎኑ ተጋድሞ በአንድ ዓይኑ ያየኛል። ዳቦ ኦስካር የሚባል የዓሣ ዓይነት ነው፤ ኦስካር ሲያኮርፍ እንዲህ ነው የሚተኛው።

ታዲያ «ይላመዳሉ» ያለኝ ሰውዬ አሁን የት ነው?

ነገሩ የተጀመረው ከዓመት ተኩል በፊት ነው። ልጄ ለልደቱ ዓሣ አለኝ። ውሻ ከሚለኝ ብዬ ደስ አለኝ። የምንኖረው ሜሪላንድ ነው፤ ሦስተኛ ፎቅ። ሱቅ ሄድን። ሻጩ ከአውራ ጣቴ የማይበልጡ ሦስት ዓሦች አሳየን። አንድ ኦስካር፣ አንድ ጃክ ዴምፕሲ፣ አንድ ሬድ ዴቭል። «አይጣሉም?» አልኩት። ሰውዬው ሳቀ። «አብረው ካደጉ ይላመዳሉ» አለ። በእንግሊዝኛ ነው ያለኝ፤ ግን ያቺው የኛዋ ቃል ናት።

እውነት ለመናገር ሱቁ ውስጥ አይጣሉም ነበር። ለምን እንደሆነ የገባኝ በኋላ ነው። ሕፃናት ናቸው፣ ደግሞም እንደ ሚኒባስ ተሳፋሪ ተጨናንቀዋል። ሁሉም ተጠጋግቶ በቆመበት ማንም የእኔ የሚለው ቦታ አያገኝም። ጠቡ የሚመጣው ቦታ ሲገኝ ነው።

ባለ 75 ጋሎን ገንዳ ገዛሁ። 284 ሊትር መሆኑ ነው፤ ርዝመቱ አንድ ሜትር ከሃያ። እናቴ ጋ ደውዬ «ታንክ ገዛሁ» ስላት «ምን ልታደርግበት ነው ልጄ?» ብላ ደነገጠች። ጊዜው ነዋ። የዓሣ መሆኑ ሲገባት ደግሞ «መቼ ነው የምትጠብሱት?» አለች።

እሷ አልተሳሳተችም። ሦስቱም የኛ ቆሮሶ ዘመዶች ናቸው፤ ሲክሊድ የሚባል አንድ ቤተሰብ። ሐዋሳ አሞራ ገደል ተጠብሶ የሚቀርብልን ቆሮሶ በሕይወት እያለ ወንዱ ጥልቀት የሌለው ውኃ ውስጥ ጉድጓድ ቆፍሮ፣ የቀረበውን ወንድ ሁሉ ሲያባርር ነው የሚውለው። ሳህን ላይ ግን እንዴት ጨዋ ይመስላል!

ስማቸውንም ልብ ማለት ነበረብኝ። ጃክ ዴምፕሲ ከ1919 እስከ 1926 የዓለም የከባድ ሚዛን ሻምፒዮን የነበረ ቦክሰኛ ነው። ዓሣውን በሱ ስም የጠሩት በተደባዳቢነቱ ነው። ሬድ ዴቭል ደግሞ ቀይ ሰይጣን ማለት ነው፤ አገሩ የኒካራጓ ሐይቆች። ባለቤቴ «በቤቴ ሰይጣን ተብሎ አይጠራም» አለችና ሻለቃ አልነው። ስም መቀየሩ ለውጥ አላመጣም።

ስድስት ወር ሳይሞላ ሻለቃ የእጄን መዳፍ አከለ። መጀመሪያ የድንጋዩን ዋሻ ያዘ። ቀጥሎ የዋሻውን ፊት። ቀጥሎ ግማሹን ገንዳ። በመጨረሻ ቤቱ በሙሉ የሱ ሆነ፣ ሌሎቹ ደባል ሆኑ። ተክሎቹን ነቅሎ አንሳፈፋቸው። ገንዳውን ላጸዳ እጄን ስከት ጣቴን ነከሰኝ። ደምቷል እኮ!

አንድ ማታ ከዳቦ ጋር ሲጋጠሙ ቁጭ ብዬ አየሁ። ዘለው አልተያያዙም። መጀመሪያ ጎን ለጎን ቆመው ክንፋቸውን ዘረጉ፣ «እኔ እበልጣለሁ» ለመባባል። የስንጥባቸውን ክዳን ነፉ። በጅራታቸው ውኃ ተማቱ። ከዚያ አፍ ለአፍ ተነካከሱና እንደ ሁለት በሬ ወዲህና ወዲያ መገፋፋት ጀመሩ። ልጄ «ይሳሳማሉ» አለ። ትንሽ ቆይቶ ዳቦ ለቀቀ። ዴምፕሲ ከጥጉ ሆኖ ሁሉንም ሲያይ ነበር። ከዚያን ቀን ወዲህ ሻለቃን አንዴም አልሞከረውም።

ይህን የእኔ ፈጠራ እንዳይመስላችሁ። በፈረንጆቹ 2007 የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በአንድ የታንጋኒካ ሐይቅ ሲክሊድ ላይ ሙከራ አድርገው፣ ዓሣው ሌሎች ሲጣሉ በማየት ብቻ ማን ከማን እንደሚበልጥ እንደሚያሰላ አሳይተዋል። ዓሣ የሚያሰላውን እኔ ሱቅ ቆሜ አላሰላሁም።

ሰው ሁሉ ግን ያችኑ ቃል ነው የሚለኝ። እንግዳ ቡናውን እየጠጣ ገንዳውን ያይና «ተዋቸው፣ ይላመዳሉ» ይላል። ምኑን ነው የሚለመደው? ሐይቅ ውስጥ የተሸነፈው ይሄዳል። ሌላ ድንጋይ ይፈልጋል። እዚህ አንድ ሜትር ከሃያ ሲዋኝ መስታወት ይገጨዋል፣ ሲመለስ ሻለቃ ይጠብቀዋል። ዴምፕሲ የለመደው መደበቅ ብቻ ነው።

ዝም ብዬ ያየሁ እንዳይመስላችሁ። ድንጋዮቹን ቦታ ቀያየርኩ። ሁሉም ግራ ተጋብቶ ሁለት ቀን ሰላም ሆነ፣ በሦስተኛው ሻለቃ አዲስ ካርታ አወጣ። መሐል ላይ የፕላስቲክ ፍርግርግ አቆምኩ። ዘለለው። «ብዙ ዓሣ ጨምር፣ ዱላው ይከፋፈላል» ያለኝም አለ። ዘዴው ይሠራል ይላሉ፤ ግን ኩሱን ማን ይጥረግ? አሁንም በየቅዳሜው የገንዳውን ግማሽ ውኃ በባልዲ የማመላልሰው እኔ ነኝ።

በመጨረሻ አንድ ቅዳሜ ሻለቃን በመረብ ይዤ አወጣሁት። ምንጣፉ ራሰ፣ ባለቤቴ ጮኸች፣ ጎረቤት አንኳኳ። ትልቅ የፕላስቲክ ሳጥን ውስጥ ከአየር ፓምፕ ጋር አስቀመጥኩት። ማታውኑ ዴምፕሲ ከጥጉ ወረደ። አመዱ ለቀቀው። ሰማያዊ ነጠብጣቦቹ እንደ አዲስ አበሩ። ልጄን ጠርቼ አሳየሁት። ደስ አለኝ፤ ዕንባዬ ሊመጣ ምንም አልቀረውም።

እሑድ ጠዋት ዴምፕሲ የሻለቃ ዋሻ ውስጥ ነው። ዳቦን ጅራቱን እየነከሰ ከጥግ ጥግ ያባርረዋል። ዳቦ ደግሞ የት ገባ? ማሞቂያው ጀርባ! ያቺው ቦታ።

ፖለቲካ እያወራሁ አይደለም። ኮመንት ላይ እንዳታመጡብኝ።

ሱቁ መልሶ አልወስድም አለ። በነፃ እሰጣለሁ ብዬ ማስታወቂያ አወጣሁ። የሚደውለው ሁሉ «ከሌላ ዓሣ ጋር ይስማማል?» ነው የሚለው። አንድ ጓደኛዬ «ፖቶማክ ልቀቀውና ተገላገል» አለኝ። በስንት ጣዕሙ! ክረምቱ ይገድለዋል፣ የቤት ዓሣ ወንዝ መልቀቅም ክልክል ነው። በ2002 እዚሁ ሜሪላንድ፣ ክሮፍተን የሚባል ቦታ ኩሬ ውስጥ ሰው የለቀቀው ስኔክሄድ የሚባል የእስያ ዓሣ ተራብቶ ተገኝቶ አገር ምድሩ ተሸብሯል። የኩሬውን ዓሣ በሙሉ በመርዝ ነው የጨረሱት።

ስለዚህ አሁን ሦስት ገንዳ አለኝ። ለእያንዳንዱ አንድ። ሶፋው በረንዳ ወጥቷል። እንግዳ ሲመጣ የምግብ ጠረጴዛ ላይ ነው የምናስቀምጠው። ባለቤቴ የመብራት ቢሉን ፍሪጁ ላይ ለጥፋዋለች፤ ምንም አትልም፣ ሳልፍ ብቻ ታየኛለች።

ሻለቃስ? ለብቻው ባለ 75 ጋሎን አለው። የሚጣላው የለም፣ የሚወስድበት የለም። ገንዳው በገባ በሁለተኛው ቀን መስታወቱ ላይ የራሱን ምስል አየ። ስንጥቡን ነፍቶ ሌሊቱን ሙሉ ከራሱ ጋር ሲጋጭ አደረ። ትላንት የገንዳውን ጀርባና ጎን በጥቁር ወረቀት ሸፈንኩለት። አየት አደረገኝ። ዞር አለና ማሞቂያውን ሰበረው።