ባለ ፎቁ ድሃ

በሰፈራችን አንድ የተከበሩ ሰው አሉ። ባለ አራት ፎቅ ናቸው፤ ከታች ያሉትን ሱቆች ያከራያሉ፣ ከላይ ይኖራሉ። ከሠላሳ ዓመት በፊት፣ ቤታቸው ገና ጭቃ ሳለ፣ ከቀበሌ ያወጧትን የድሃ ወረቀት በላስቲክ አስለብጠው እስከ ዛሬ በደረት ኪሳቸው ይይዛሉ። ሰርግ ሲጠሩ «የሰፈራችን አንጋፋ ባለሀብት» ተብለው ከፊት ይቀመጣሉ። የእድሩ ድንኳን ተቀዶ መዋጮ ሲጠየቅ ደግሞ ወረቀቷ ከኪስ ትወጣለች። «ያው እንደምታውቁት እኛ ድሆች...» ብለው ይጀምራሉ። እድርተኛውም ማኅተሟን አይቶ ዝም ይላል።

እኚህን ሰው ለዓመታት ሳማቸው ኖሬያለሁ። ዛሬ በአደባባይ ይቅርታ እጠይቃቸዋለሁ። የታላላቆቹን ታዳጊ ኢኮኖሚዎች፣ የእነ ቻይናንና የእነ ህንድን፣ የአየር ንብረት ትብብር መከታተል ከጀመርኩ ወዲህ፣ ጎረቤቴ ቆጥቋጣ ሳይሆኑ ቦታ ያጡ ዲፕሎማት መሆናቸው ገብቶኛል።

የትልቆቹ ወረቀት የወጣችው እ.ኤ.አ. በ1992 ነው። የተባበሩት መንግሥታት የአየር ንብረት ስምምነት አገሮችን በሁለት ዝርዝር ከፈለ፤ እዚህ ባለዕዳዎቹ ሀብታሞች፣ እዚያ የቀረነው ሁላችን። «የጋራ፣ ነገር ግን የተለያየ ኃላፊነት» የሚለው መርህም ያኔ ጸደቀ። ፍትሐዊ ነበር። ከሰል አንድደው የከበሩት እነ እንግሊዝና አሜሪካ ናቸው፤ ቤጂንግ በዚያን ጊዜ የብስክሌት ከተማ ነበረች። ከዚያ ወዲህ ብስክሌቱ መኪና ሆነ፣ ቻይና ብቻዋን ከዓለም የካርቦን ዳይኦክሳይድ ልቀት ወደ ሲሶ የሚጠጋውን መልቀቅ ጀመረች፣ የአንድ ቻይናዊ ድርሻም ከአንድ አውሮፓዊ ድርሻ በለጠ። ዝርዝሩ ግን እንደ ጥንቱ ነው። ኳታርና የተባበሩት አረብ ኤምሬቶች እንኳን ዛሬም በዚያው በድሆቹ ሰልፍ ከኢትዮጵያ ጎን ቆመዋል። ዱባይን አይቶ የተመለሰ ሰው ይህን ሲሰማ ይደነግጥ ይሆናል። እኔ ግን የቃል ኪዳን ጽናት እላለሁ፤ ዘመድ ከብሮም ዘመዱን ካልካደ ምን ይባላል?

ይህ ትብብር ከሁሉ በላይ ያማረበት ቀን ታኅሣሥ 18 ቀን 2009 ነው፤ በፈረንጆቹ አቆጣጠር፣ በኮፐንሃገኑ የአየር ንብረት ጉባኤ። ብራዚል፣ ደቡብ አፍሪካ፣ ህንድና ቻይና ገና በኅዳር ቤጂንግ ላይ ቤዚክ የሚባለውን ማኅበር መሥርተው ነበር የመጡት። የጉባኤው የመጨረሻ ምሽት ላይ የአራቱ አገሮች መሪዎች ዌን ጂያባዎ፣ ሉላ፣ ማንሞሃን ሲንግና ዙማ በአንዲት ክፍል ሲመክሩ ባራክ ኦባማ ድንገት ገቡ፤ አምስቱ ተቀምጠው የጉባኤውን ስምምነት ቋጩት። የአፍሪካ ተደራዳሪዎች መሪ መለስ ዜናዊ በከተማው ነበሩ፣ በክፍሉ ግን አልነበሩም። ነውር እንዳይመስላችሁ። እድር ሲመከር ሁሉም ጎጆ አይጠራም፤ ጎጆው የሚጠራው ቀብሩ ላይ ነው።

የቋንቋ ችሎታቸውን ሳላነሣ ባልፍ ደግሞ ግፍ ይሆንብኛል። በ2021 በግላስጎው ጉባኤ ላይ ወደ ሁለት መቶ የሚጠጉ ወገኖች ለሁለት ሳምንት እንቅልፍ አጥተው ከሰልን «ቀስ በቀስ ማስወገድ» የሚል ሐረግ ጽፈው ነበር። የመጨረሻዋ ሰዓት ላይ ህንድ፣ ከጀርባዋ ቻይናን ይዛ፣ አንዲት ግስ እንድትለወጥ ጠየቀች፤ «ማስወገድ» ወጣ፣ «መቀነስ» ገባ። የጉባኤው ፕሬዚዳንት አሎክ ሻርማ ይቅርታ ጠይቀው እንባ ተናነቃቸው። እንግሊዛዊ ስለሆኑ ይሆናል። ቅኔ ቤት የዋለ ሰው ቢሆን ኖሮ በአድናቆት ያጨበጭብ ነበር፤ ሰሙ መቀነስ፣ ወርቁ መቀጠል።

(ለህንድ ግን አንድ ነገር ልመስክርላት። የአንድ ህንዳዊ ልቀት ከዓለም አማካይ በታች ነው፤ የእሷ ወረቀት ቢያንስ ግማሽ ማኅተም አላት። ስለዚህም የባለ ፎቅ ድሆች ሽልማት ባዘጋጅ ከቻይና ኋላ ሁለተኛ አደርጋታለሁ።)

ማኅበሩ ዛሬ ሰፍቷል። ቤዚክ ለከሰል ብቻ ይበቃ ነበር፤ አራቱ ከሩሲያና ከሌሎች ጋር የተሰባሰቡበት የታዳጊ ኢኮኖሚዎች ማኅበር ብሪክስ ግን ነዳጅም ይዞ መጣ። ሩሲያ፣ ኢራንና ኤምሬቶች በአንድ ማዕድ ተቀምጠው ስለ አየር ንብረት ሲጨነቁ ማየት ልብ ይነካል፤ ጠጅ ቤቶች ተሰብስበው ስለ ስካር ጉዳት እንደመከሩ ያህል ነው። በሐምሌ 2025 ሪዮ ዴ ጄኔሮ ላይ 126 አንቀጽ ያለው የጋራ መግለጫ አወጡ፣ ለአየር ንብረት ገንዘብ ደግሞ ለብቻው ሌላ ሰነድ ጨመሩበት። ትብብሩ እጅግ ከመጥበቁ የተነሣ መገናኘት እንኳን አላስፈለገም፤ ሺ ጂንፒንግ ቀሩ፣ ፑቲን በቪዲዮ ገቡ። ሀብታሞች ገንዘባቸውን ያምጡ፣ አውሮፓ በድንበሯ የምትጥለው የካርቦን ክፍያ ግፍ ነው፣ የከሰልና የነዳጅ ዘይት ኃይል ደግሞ በተለይ ለታዳጊ አገሮች ገና ጠቃሚ ሚና አለው፤ ይህ ሁሉ በአንድ መግለጫ ውስጥ ሳይጋፋ ገብቷል። አንዱ አንቀጽ ሌላውን ሳያነብ በሰላም የሚኖርበት ሰነድ በዓለም ላይ ብርቅ ነው።

አስተናጋጇ ብራዚልማ በተግባር አሳየች። በኅዳር 2025 ኮፕ 30ን፣ ማለትም 30ኛውን የተባበሩት መንግሥታት የአየር ንብረት ጉባኤ፣ በአማዞን ደጃፍ፣ በቤሌም ከተማ አዘጋጀች። አልጋ ስላጠረ እንግዶች የሚያድሩባቸው የመዝናኛ መርከቦች ወደብ ላይ ቆሙ። ስብሰባው ሊከፈት ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩት ደግሞ የብራዚል መንግሥት የነዳጅ ኩባንያ ፔትሮብራስ ከአማዞን ወንዝ አፍ ፊት ለፊት ባለው ባሕር ነዳጅ ፍለጋ እንዲቆፍር ፈቃድ ተሰጠው። ደኑን የምንጠብቀው በዘይቱ ገንዘብ ነው የሚል ማብራሪያ አለ። አክፋይ በጾሙ ዋዜማ በሬ ቢጥል ማን ይከሰዋል? ሥጋው እንዳይበላሽ ብሎ ነዋ። የጉባኤው ዋና ውሳኔም የነዳጅን ስም ሳይጠራ ተጠናቀቀ፤ በለቅሶ ቤት ገዳይን በስሙ አለመጥራት እኛም ዘንድ ጨዋነት ነው።

ገንዘቡን በተመለከተ ብዙ አልልም፤ ብዙም የለምና። ሀብታሞቹ ኮፐንሃገን ላይ እስከ 2020 በዓመት 100 ቢሊዮን ዶላር እናሰባስባለን አሉ፣ ሁለት ዓመት አሳልፈው ሞላልን አሉ። ባኩ ላይ በ2024 ቁጥሩ ለ2035 ወደ 300 ቢሊዮን ከፍ አለ፤ ታላላቆቹ ታዳጊዎች ግን የሚከፍሉት «በፈቃደኝነት» ነው። እድራችን ይህን ቃል ቢያውቀው ኖሮ ድንኳኑ ገና ድሮ ተበጣጥሶ ያልቅ ነበር።

አሁን ወደ እኛ። ኢትዮጵያ ከጥር 2024 ጀምሮ የብሪክስ አባል ናት፤ በሪዮውም ፎቶ ውስጥ አለን። አንዳንድ ተጠራጣሪ «እኛ እዚያ ምን እናደርጋለን?» ይላል። እንዴት ምን እናደርጋለን! ሥራችን ዋናው ሥራ ነው። አንዳንድ ለማኝ ሕፃን ተከራይቶ ይወጣል ሲባል ሰምታችሁ ታውቁ ይሆናል፤ ሕፃኑ ግን እውነተኛ መሆን አለበት፣ ማልቀስም አለበት። የእኛ ወረቀት እውነተኛ ናት። አንድ ኢትዮጵያዊ ከነዳጅና ከከሰል የሚለቀው በዓመት የአንድ ቶን ሩብ እንኳን አይሞላም። ከ2020 እስከ 2022 ቦረና ላይ አምስት የዝናብ ወቅት በተከታታይ ሲከሽፍ፣ ከብቱ እንደ ቅጠል ሲረግፍ፣ ሰው የእንስሳውን አጥንት እየቆጠረ ሲሰደድ ማንም ትርኢት አልሠራም። እናም መግለጫው ላይ «ለጉዳት የተጋለጡ አገሮች» የሚል ሐረግ ሲያስፈልግ እኛ እንታቀፋለን። ከምጽዋቱ ስንት እንደሚደርሰን ሕፃን አይጠይቅም፤ ጥያቄው ራሱ ነውር ነው።

ደግሞም ተራው ደርሶናል። በ2027 ኮፕ 32 አዲስ አበባ ላይ ነው። ማኅበርተኞቹ በሙሉ ይመጣሉ፣ ባለ ፎቆቹም ባለ ጎጆዎቹም፤ ክፍሏም የሆነ ቦታ ትኖራለች፣ በሩም ይዘጋል። በዚህኛው ጊዜ ቢያንስ ቡናውን የምናስገባው እኛ ስለምንሆን የውስጡን ወሬ እንሰማ ይሆናል።

ጎረቤቴ ወሬውን ከእኔ በፊት ሰምተዋል። ባለፈው እሑድ ከእድር ስንወጣ ክንዴን ይዘው ወደ ጥግ ወሰዱኝ። ሦስተኛውን ፎቅ ከወዲሁ ባዶ አድርገውታል፤ ለእንግዶቹ በዶላር ነው የሚያከራዩት። እንደ ቤሌም በመርከብ እንዳይቸገሩ አዝነው ነው። ችግሩ የውኃ ማሞቂያ ማስገባት ነው አሉኝ። ለዚሁ ከእድሩ ሣጥን የድጋፍ ማመልከቻ አስገብተዋል፤ ወረቀቷን አያይዘው።