ማርኩን አንሱ፣ ኩዊዙን አትንኩ

በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ሳምንታዊ ኩዊዝ ይቅር የሚሉ አሉ። ሁለት ምክንያት ይደረድራሉ። ኩዊዝ ይለካል እንጂ አያስተምርም። ተማሪውንም ያስጨንቃል። ይህንን የሚለው ደግሞ የትምህርት ሳይንስ ነው ይሉናል።

የትኛው ሳይንስ?

ከጭንቀቱ ልጀምር፤ ከሁሉም የሳሳው ክርክር እሱ ነው። በ2014 እ.ኤ.አ. የታተመው የእነ ፑጃ አጋርዋል ጥናት 1,408 የመካከለኛና የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችን ጠይቋል። በክፍል ውስጥ እየተጠየቁ መለማመዳቸው የፈተና ፍርሃታቸውን እንደቀነሰላቸው የተናገሩት 72 በመቶ ናቸው። ቀነሰ እንጂ ጨመረ አላሉም! የሚያስጨንቀው ማርኩ ነው። እሺ፣ ማርኩ ይነሳ። ጥያቄው ምን አጠፋ?

"አያስተምርም" የሚለው ግን ያበሳጫል። የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ሮዲገርና ካርፒኪ በ2006 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ሙከራ ተማሪዎች አጭር ጽሑፍ አነበቡ። ከዚያ ከፊሎቹ ያንኑ ደግመው አነበቡ። ሌሎቹ ጽሑፉን ሳያዩ የሚያስታውሱትን ጻፉ። ከ5 ደቂቃ በኋላ ሲፈተኑ ደግመው ያነበቡት በለጡ፤ 81 በመቶ ለ75። ከሳምንት በኋላስ? ጽፈው የነበሩት 56 በመቶ አስታወሱ። ደጋሚዎቹ 42 ላይ ወረዱ።

ደግሞ ማንበብ ያታልላል። ገጹን ዓይናችን ስለለመደው የገባን ይመስለናል። ተማሪው ደብተሩን በቢጫ ቀለም አጥለቅልቆ ተደላድሎ ይተኛል። መምህሩ "ገባችሁ?" ይላል፤ ክፍሉ በአንድ ድምፅ "አዎ!" ይላል፤ ትምህርቱ ይቀጥላል። ማን ምን እንደያዘ ግን ማንም አያውቅም፣ ተማሪው ራሱ ጭምር። ደብተር ተከድኖ ሲጠየቅ ነው ጉዱ የሚወጣው። ያውም ጉድ ማውጣት ብቻ አይደለም። ከጭንቅላት ፈልጎ ማምጣቱ ራሱ ትውስታውን ያጠነክረዋል። ይሄ መማር ካልሆነ መማር ምንድን ነው? እነ ሮዲገር የፈተኗቸው የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ናቸው የሚል አይጠፋም። እነ ማክዳንኤል በ2011 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት በ8ኛ ክፍል ሳይንስ ላይም ሞክረውታል። በኩዊዝ የተጠየቀው ይዘት ካልተጠየቀው በተሻለ ተይዟል።

ከሁሉ የሚያስቀው በኩዊዙ ምትክ ይምጣ የሚባለው ነገር ነው፤ ተማሪን "በማየት የሚማር"፣ "በመስማት የሚማር" ብሎ የሚመድብ መጠይቅ። እነ ሃሮልድ ፓሽለር በ2008 እ.ኤ.አ. ማስረጃውን ሲያገላብጡ በዚህ ምደባ ማስተማርን የሚደግፍ በቂ ነገር አላገኙም። በሳይንስ ስም ሳይንሱን አስወጥቶ ተረቱን ማስገባት ማለት ይሄ ነው።

ክፍለ ጊዜው ሲጀመር ሦስት ጥያቄ ይበቃል። አንዱ ከትናንቱ፣ አንዱ ካለፈው ሳምንት፣ አንዱ ካለፈው ወር። ወረቀት አይሰበሰብም። መልሱ እዚያው ይነገራል፣ ስህተቱም እዚያው ይታረማል። መምህሩ የወረቀት ቁልል ሲያርም አያመሽም። አዲስ በጀት አይፈልግም። አዲስ መጽሐፍ አይፈልግም። ኮሚቴም አይፈልግም፤ ምናልባት ያልተወደደው ለዚህ ይሆናል።