«እሱን እነሱ ያውቁታል»

ለ18 ዓመታት ከኖርኩባት ከአሜሪካዋ ሲያትል ባለፈው ዐቢይ ጾም ወደ አዲስ አበባ በተመለስኩበት ወቅት፣ አጎቴን በሳምንት ሁለት ቀን ከመስቀል አደባባይ ብዙም ወደማይርቅ የኩላሊት እጥበት ማዕከል የማመላለሱ ኃላፊነት የእኔ ሆነ። ሐኪሙ ያዘዘላቸው ሦስት ቀን ነበር፤ ሁለት ያደረገው ገንዘብ ነው።

በመጀመሪያው ቀን ሚዛን ላይ ወጡ፤ ነርሷም ቁጥሩን መዝግባ ሄደች። «ጋሼ፣ ስንት ኪሎ ሆኑ?» ብዬ ብጠይቃቸው «እሱን እነሱ ያውቁታል» አሉኝ።

ሽንት ለማይወጣው ሰው በሁለት እጥበት መካከል የሚጨምረው እያንዳንዱ ኪሎ በሰውነቱ ውስጥ የቀረ አንድ ሊትር ያህል ፈሳሽ ነው፤ ማሽኑ ብዙ ሊትር በ4 ሰዓት ውስጥ ለማውጣት ሲገደድም የደም ግፊቱ ይወርዳል፣ ጡንቻው ይኮማተራል። ከሆስፒታል ውጭ የመጀመሪያው የእጥበት ማዕከል እ.ኤ.አ. በ1962 በተቋቋመባት በሲያትል፣ አንድ የማውቃቸው የጎንደር ሰው በደማቸው ውስጥ ያለው የፖታሲየምና የፎስፈረስ መጠን በየወሩ ታትሞ ስለሚሰጣቸው ፍሪጃቸው ላይ ይለጥፉታል። እዚያ እ.ኤ.አ. ከ1973 ጀምሮ የአብዛኛውን ታማሚ ወጪ ሜዲኬር የሚባለው የመንግሥት መድን ስለሚሸፍን፣ ታማሚው ስለ ቁጥሩ ለማሰብ ፋታ አለው። በዚህ ፋታ የሚጠቀመው ግን ሁሉም አይደለም፤ ብርድ ልብሱን ተከናንቦ አራቱንም ሰዓት በእንቅልፍ የሚያሳልፈው ብዙ ነው።

አጎቴም ግድየለሽ አይደሉም። የማጣሪያው ዋጋ ስንት እንደገባ፣ ደም የሚያሳድገው መርፌ የትኛው ፋርማሲ እንደሚገኝ፣ የቀጣዩን እጥበት ክፍያ ከየትኛው ዘመድ መጠየቅ እንደሚቻል በቃላቸው ያውቃሉ፤ ትጋታቸው ሁሉ ያለቀው እዚያ ላይ ነው። የምርመራ ውጤታቸውን ደግሞ ሐኪሙ የሚነግረው «እንዳይደነግጡ» እየተባለ ለልጃቸው ነው፤ ያውም ኮሪደር ላይ።

ስለ አመጋገብ የተሰጣቸው ምክር «ጨውና ፈሳሽ ይቀንሱ» የሚል ብቻ ነበር። ሲከማች ልብን ሊያቆም የሚችለው ፖታሲየም በጾም ገበታቸው ላይ ከማይጠፉት ከምስሩ፣ ከሽሮውና ከጎመኑ እንደሚገኝ፣ አቦል፣ ቶናና በረካም ተደምረው ከፈሳሽ እንደሚቆጠሩ የነገራቸው የለም። በጠዋት ስለሚጠጡት ጸበልም የጠየቃቸው አልነበረም። በቀን አንድ ጆግ ነበር። ይህም ከፈሳሽ እንደሚቆጠር ስነግራቸው «ጸበል ውሃ ነው እንዴ?» ብለው ተቆጡኝ፤ እኔም መልስ አጥቼ ዝም አልኩ። የንስሐ አባታቸው ነገሩን ሲሰሙ ግን «በረከቱ በመጠኑ አይደለም፤ አንድ ሲኒ ይበቃዎታል» ብለው ገላገሉን።

በሦስተኛው ሳምንት አጎቴ ከሚዛኑ ሳይወርዱ ነርሷን «ስንት ነው?» አሏት። ሁለት ጊዜ አስደገሟትና ከኪሳቸው የክፍያ ደረሰኙን አውጥተው በጀርባው ላይ ጻፉት።