እባካችሁ «እዛው ቅሪ» አትበሉኝ

እኔ ምላችሁ፣ ሰው ለወጣት መሪዎች የልምድ ልውውጥ አሜሪካ ሊሄድ ሲዘጋጅ «እንኳን ደስ አለሽ» ማለት ምን ይከብዳል? ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ያገኘኝ ሁሉ «እንዳትመለሺ፣ ሞኝ እንዳትሆኚ» ነው ሚለኝ። ወገን፣ ምሄደው በጄ ዋን፣ ማለትም በልምድ ልውውጥ ቪዛ ነው፣ መንግስት ወጪውን የሸፈነው ጄ ዋን ደሞ ግሪን ካርድ ምናምን ከማሰብሽ በፊት ተመልሰሽ አገርሽ 2 አመት መኖር አለብሽ ይላል። ህጉ ባይኖርም እመለሳለሁ እኮ! ስራዬ እዚህ ነው!

በጣም ሚያንገበግበኝ ግን የማህተም ነገር ነው። ከሰፈር ልጆች ጋር በብሎኮቹ መሀል የተከመረውን ቆሻሻ ያነሳነው፣ ውሃ ሲጠፋ ለአቅመ ደካማ እናቶች ጀሪካን ተሸክመን አራተኛ ፎቅ የወጣነው ሁሉ ማህተም ስለሌለው እንዳልተሰራ ነው ሚቆጠረው። የሰራነውን ሚያሳይ ማስረጃ በማህተም ጻፉልኝ ብዬ ቢሮ ስሄድ «በማን ስም ነው የተደራጃችሁት? ነገ ተመለሺ» ይለኛል፣ ስንሰራ በአይኑ ያየን ሰውዬ! በጣም ያማል።

ማታ ደሞ የቪዛውን ፎርም፣ ዲኤስ 160ን፣ ስሞላ መብራት ድርግም፣ ኔትወርክም አብሮ ይሄዳል፣ ፎርሙ ደሞ 20 ደቂቃ ካልነካሽው ይዘጋል፣ ሴቭ ያላረግሽው በቃ ሄደ፣ እንደገና ከሀ።

እና እስቲ ስለ መቅረት ተዉኝና እኔ ስሄድ የቅዳሜውን ጽዳት ማን እንደሚያስተባብር፣ የጀሪካኑን ተራ ማን እንደሚይዝ ንገሩኝ፣ እስካሁን አንድ ሰው አልጠየቀኝም።